ከዙሁር በኋላ የተለካው

ቁጡ ሰው ነኝ። የድሬዳዋ ልጅ ነገር ሆዱ ውስጥ አያሳድርም ይባላል፤ እኔም አላሳድርም። ተማሪ ኬብል ሲረግጥብኝ እጮሃለሁ፣ ላብ ባለው እጁ መስታወት ሲነካብኝ እጮሃለሁ፣ በር በኃይል ሲዘጋ እጮሃለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ መናገር በነበረበት ሰዓት፣ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ሐርጌሳ ስመጣ መጀመሪያ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥንና ዲሽ እጠግን ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የተበላሸ ሪሲቨር ይዘው መጡ። ስሠራ ቆመው አዩኝ፣ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቁኝ፣ በሳምንቱ ዩኒቨርሲቲ ወስደው ቴክኒሻን አደረጉኝ። እኚህ ሰው የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ናቸው፤ የአገሩ ተወላጅ፣ ውጭ ተምረው የተመለሱ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ሁላችንም ዶክተር ነው የምንላቸው። ኮንትራቴ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የመኖሪያ ፈቃዴ የቆመው ደግሞ በኮንትራቱ ላይ ነው። ዶክተሩ ደብዳቤ ካልፈረሙ ኮንትራት የለም፤ ኮንትራት ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ሚስትና ሁለት ልጅ ይዞ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ መኪና መሳፈር ነው።

የምንሠራው ነገር ሲያወሩት ትልቅ ይመስላል፤ ሲያዩት ግን ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ክንድ ተኩል የሚረዝም ወፍራም የመስታወት ቱቦ ነው። አየሩን በፓምፕ እንመጥጥና ትንሽ አርጎን ጋዝ እንለቅበታለን። ኃይል ሲሰጡት ጋዙ ይበራል፣ ሐምራዊ ይሆናል፤ ፕላዝማ ማለት ያ የበራው ጋዝ ነው። ሱቅ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ረጅሙ ነጭ መብራት ሆድ ውስጥ ያለውም ያው ነው። በቱቦው መሀል የጣት ቁመት ያላት አንቴና ተተክላለች። እሷ በዚያ በበራ ጋዝ ተከባ ሲግናል ማውጣት ትችላለች ወይስ አትችልም? ጥያቄው ይኼ ነው። ከጠፈር የሚመለስ መንኮራኩር በጋለ አየር ሲከበብ ሬዲዮው ድምፁ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ ዶክተሩ።

መለኪያው አናላይዘር ይባላል። በኬብል ወደ አንቴናዋ ሲግናል ይልክና ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ይቆጥራል። ብዙ ከተመለሰ አንቴናዋ አላወጣችም፤ ትንሽ ከተመለሰ አወጣችው ማለት ነው። ነገር ግን ኬብሉም ራሱ በመንገድ ላይ የተወሰነውን ይበላል። ስለዚህ በየጠዋቱ ኬብሉ የሚበላውን ለአናላይዘሩ እናሳየዋለን፣ ከሒሳቡ እንዲያወጣው። ካሊብሬሽን የምንለው ይኼን ነው፤ እሱን የምሠራው እኔ ነበርኩ፣ እጄም ለዚህ የተመሰገነ ነው።

ሙከራውን የምትሠራው ልጅ የማስተርስ ተማሪ ነበረች። የሐርጌሳ ልጅ ናት፣ ያደገችው ግን አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሚካኤል ነው፤ አማርኛዋ ከእኔው ይበልጣል። ሰው መሀል ሶማሊኛ፣ ወረቀት ላይ እንግሊዝኛ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን አማርኛ እናወራለን። እዚያ ግቢ ውስጥ ጋሼ ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች። ስጮህባት፣ «ጋሼ፣ ደም ግፊትህን!» ትለኛለች፤ እኔም ሳልወድ በግድ እስቃለሁ። ጎበዝ ነበረች። በዚያ ላቦራቶሪ ካለፉት ሁሉ ጎበዟ እሷ ናት፤ ይኼን ዶክተሩም አይክዱም።

ዶክተሩ የጠበቁት ቀላል ውጤት ነበር። ፕላዝማው በጠነከረ ቁጥር ሲግናሉ እየተመለሰ ይመጣል፤ በመጨረሻ ግድግዳ ይሆናል፣ ምንም አይወጣም። የተመለሰውን ሲግናል የሚያሳየው የእሷ ግራፍ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ቆየና ድንገት ታጥፎ ወረደ። በጠንካራው ፕላዝማ ውስጥ አንቴናዋ እንደገና ማውጣት ጀመረች። ሦስት ሳምንት ለካን፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያው እጥፋት ያው ቦታ ላይ መጣ። ዶክተሩ ግራፉን አትመው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ውጭ አገር ለዶክትሬት ስኮላርሺፕ ታጭታ ስለነበር፣ «ይኼ ግራፍ ብቻውን ይወስድሻል» አሏት። እናቷ 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ይኼን እንደሰሙ ሻንጣ ገዙ።

አሁን ስለ ዙሁር፣ ስለ ቀትሩ ሶላት፣ ልናገር፤ ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው።

እኩለ ቀን ላይ በሰፈራችን መብራት ይርገበገባል፤ የመብራት ድርጅቱ ሞተር ሲቀያይር ነው ይላሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲርገበገብ የፓምፑን መቆጣጠሪያ ካርድ አቃጥሎብናል። መብራት ሲጠፋ የሚይዝልን ባትሪም ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ እኔ ሕግ አወጣሁ፤ የዙሁር አዛን ሲሰማ አናላይዘሩ ይጠፋል፣ ሁላችንም መስጊድ እንሄዳለን፣ ስንመለስ ይበራል። ማንም እንዲነካው አልፈቅድም፤ የማጠፋውም የማበራውም እኔ ነኝ። በዚህ ሕግ እንዴት እኮራ እንደነበር! እንግዳ በመጣ ቁጥር እተርከው ነበር።

ማክሰኞ ዕለት፣ በፈታኞች ፊት የመመረቂያ ሥራዋን የምታቀርብበት ዲፌንሷ ሐሙስ ሊሆን፣ ከሶላት ተመልሼ ብቻዬን ገባሁ። ፈታኞቹ ላቦራቶሪውን ልናይ ቢሉስ ብዬ ላስተካክል ነው። አናላይዘሩን አበራሁት። ካሊብሬሽን አለ የምትለው ምልክት ስክሪኑ ጥግ ላይ እንደ ልማዷ ብቅ አለች። የኬብሉ ጫፍ የላላ መስሎኝ ልፈትሸው ብዬ ለካሊብሬሽን የምንጠቀምባትን የብረት ክዳን ገጠምኩበት። ይቺ ክዳን ምንም አታስወጣም፤ የላኩባትን ሁሉ መመለስ አለባት። ስክሪኑ ላይ ግን ሩብ ያህሉ ጎደለ።

ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ያው ነው። ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኩት፣ ያው ነው። «አቦ፣ ምን ሆነሃል?» አልኩት ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። ከዚያ ገባኝ። ሲገባኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አናላይዘሩ ሲጠፋ የጠዋቱን ካሊብሬሽን ይረሳል። ሲበራ በፊት ሴቭ የተደረገለትን ያነሳል። ያንን ሴቭ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ዓመት፣ በአጭሩ ኬብል ስንሠራ። አሁን የምንሠራው በረጅሙ ነው። ስለዚህ ከዙሁር በኋላ ረጅሙ ኬብል የበላው ሁሉ አንቴናዋ እንዳወጣችው ሆኖ ይቆጠራል። ጠንካራውን ፕላዝማ ደግሞ መስታወቱን ስለሚያግለው ሁልጊዜ ለመጨረሻ፣ ከዙሁር በኋላ ነበር የምናቆየው። ግራፉ የታጠፈው ፕላዝማው ስለጠነከረ አልነበረም። እኔ መስጊድ ልሄድ ስል ማጥፊያውን ስለተጫንኩ ነው።

ያን ዕለት ወደ ዶክተሩ ቢሮ ወደሚወስደው ኮሪዶር ዝር ሳልል በጓሮ በር ወጣሁ። ሚስቴ ጋአን ሊባህ ገበያ ልብስ ትቸረችራለች፤ ከመግሪብ በፊት እቃዋን ስትሰበስብ ደረስኩባት። ነገሩን ነገርኳት።

«ማን አየህ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«እንግዲያ ዝም አይነቅዝም።»

«ልጅቷ እኮ ውጭ ሄዳ ያንኑ ሙከራ ትደግማለች። እጥፋቱ አይመጣም። ያኔ ውሸታም ትባላለች!»

«ያኔ የያኔ ነው» አለች ጨርቁን እያጠፈች። «የእኛ ደብዳቤ የሚፈረመው በዚህ ወር ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣት ነበር። አልተቆጣኋትም፤ እሷ የተናገረችውን እኔ መንገዱን ሙሉ ሳስበው ነበር የመጣሁት። ያቺን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ አንድ ነገር ብቻ ቆርጬ ተነሳሁ፤ ለልጅቷ እነግራታለሁ፣ ለሌላው አላህ ያውቃል።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ቱቦው ፊት ቆማ የነገውን ንግግሯን ትለማመዳለች። አየችኝና አቆመች።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ቁጭ በይ።»

«ምን ሆነሃል? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ልጆቹ ደህና ናቸው። ቁጭ በይ አልኩሽ!»

ተቀመጠች። አናላይዘሩን አብርቼ የብረት ክዳኗን ገጠምኩና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት። ማብራራት አላስፈለገኝም። ዓይኗ ከስክሪኑ ወደ ኬብሉ፣ ከኬብሉ ወደ ማጥፊያው ሄደ።

«ስንት ቀን?» አለች።

«ሦስቱንም ሳምንት።»

«የምታጠፋው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«አላህ ይይልህ!» ብላ ብድግ አለች። «እናቴ ሻንጣ ገዝታለች እኮ! ነገ እኮ ነው! ዛሬ ነው የሚነገረኝ?» ጮኸች፤ በአማርኛ ጀምራ በሶማሊኛ ጨረሰችው። ጮኾ የማይጠግበው እኔ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ይቅር በይኝ ማለት እንኳ አፈርኩ።

በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ተኩል።»

«ሁሉንም ዛሬ እንደግመዋለን። ጠዋትና ከሰዓት በአንድ ካሊብሬሽን ይሁን፤ ነገ ማንም የሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነው የተበላሸው እንዳይለኝ። አናላይዘሩ አይጠፋም።»

«መብራቱስ?»

«አይጠፋም አልኩህ፣ ጋሼ።»

ለዶክተሩ ደወለች፤ ከውጭ የሚመጣውን ፈታኝ ሊቀበሉ ኤርፖርት ነበሩ፣ አላነሱም፤ እስከ ማታም አልተገኙም። እኔ ካሊብሬሽኑን ሠራሁ። ዳግም እንዳልሳሳት እያንዳንዱን ክዳን ሁለት ሁለቴ ገጠምኩ። ደካማውን ፕላዝማ ለካን፣ መካከለኛውን ለካን። እስከዚያ ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ ነው።

ከዚያ የዙሁር አዛን ተሰማ። ጣቴ ሳላዘው ወደ ማጥፊያው ሄዶ ነበር። አየችኝ፤ መለስኩት። ወቅቱ ሳያልፍ ተራ በተራ እንሰግዳለን ተባባልንና ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ብዙም አልቆየ፣ መብራቱ ደበዘዘ። የአናላይዘሩ ማራገቢያ ድምፁ ወረደ፣ ስክሪኑ ጠቆር አለ። እሷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛለች። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እላለሁ እኔ። አምስት ጊዜ ያህል ተርገበገበና ቆመ፤ ማራገቢያው ድምፁን መለሰ። ወዲያው የብረት ክዳኗን ገጠምኩ። የላክነው ሁሉ ተመለሰ፤ ካሊብሬሽኑ አልተነካም።

ተራ በተራ ሰግደን ጠንካራውን ፕላዝማ ጀመርን። ኃይሉን ትንሽ እንጨምራለን፣ እንጠብቃለን፣ እናነባለን። ግራፉ ወጣ። ጨመርን፣ ወጣ። ድሮ ታጥፎ የሚወርደው እዚህ ላይ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ውስጤ ይለምን የነበረው እውነቱ እንዲወጣ አልነበረም። ውረድ፣ በአላህ ውረድ እያልኩ ነበር። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት ያ እጥፋት በራሱ እውነት ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። ጨመርን። ወጣ። መስታወቱ እስኪግል ድረስ ጨመርን፤ ግራፉ ዝም ብሎ ወጣ። ግድግዳ። ዶክተሩ መጀመሪያ እንዳሉት፣ ማንም መጽሐፍ ላይ እንደሚያገኘው።

«በቃ» አለች። ኃይሉን አጠፋችና ቱቦው ጠቆረ። አላለቀሰችም። ላፕቶፗን ከፍታ የነገውን ንግግር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ታስተካክል ጀመር።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔ የፕሮጀክተሩን ኬብል ገጣጥሜ ከኋላ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት ሦስት ፈታኞች አሉ፤ ዶክተሩ በመሀል፣ ከውጭ የመጡት ሽማግሌ ከቀኛቸው። እናቷ ከሴቶቹ ጋር ግራ በኩል ተቀምጠዋል። ልጅቷ ተነሳችና የድሮውን ግራፍ አሳየች። ዶክተሩ ፈገግ አሉ።

«ይህ ስሕተት ነው» አለች። ቀጥላ አዲሱን አሳየች። «ትክክለኛው ትናንት የተለካው ነው።» ካሊብሬሽኑ እንዴት እንደጠፋ፣ ስሕተቱ እንዴት እጥፋት እንደመሰለ ቁልጭ አድርጋ አስረዳች። የዶክተሩ ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። ከእኔ ሌላ ያን ያየ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ሽማግሌው ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «በየቀኑ መሣሪያውን ያጠፋው ማን ነው? ሲበራስ ሳይፈትሽ ሥራ የቀጠለው?»

አሁን ወደ ኋላ ዞራ ታየኛለች አልኩ። አልዞረችም።

«እኔ ነኝ» አለች።

እጄን ማንሳት እችል ነበር። «ውሸቷን ነው፣ እኔ ነኝ» ለማለት የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው። አፌ ተከፈተ። ልጆቼ፣ ቤት ኪራዩ፣ የፈቃዱ ወረቀት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። አፌን ዘጋሁ። ዶክተሩ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። እናቷ ምን እንደተባለ ስላልገባቸው ለልጃቸው ፈገግ እያሉ ነበር።

አለፈች፤ ዲግሪው አልቀረባትም። ቅዳሜ የዶክተሩ ጸሐፊ የኮንትራቴን ደብዳቤ ሰጠችኝ፣ ተፈርሞ። ቤት ስገባ ሚስቴ አልሐምዱሊላህ አለች፤ እኔ እህል አልወረደልኝም። ያቺ ልጅ በውሸቷ ይኼን ደብዳቤ ገዛችልኝ ብዬ ነበር የማስበው። ከወር በኋላ የስኮላርሺፑ መልስ መጣ፤ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

የላቦራቶሪ ቁልፏን ልትመልስ ስትመጣ ብቻዬን ነበርኩ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ለምን?» አልኳት። «ለምን እኔ ነኝ አልሽ? ማን ዋሺልኝ አለሽ?»

«አትጩህብኝ ጋሼ።»

«እጮሃለሁ! ለምን?»

«አዲስ አበባ ሳለን አባቴ በየዓመቱ ፈቃድ ሊያሳድስ ሲሄድ፣ እስኪመለስ ድረስ እናቴ እህል አትቀምስም ነበር» አለች። «እኔን እዚህ ምን ያደርጉኛል? አገሬ ነው። ከአገሬ አያባርሩኝም።» ከዚያ ደህና ሁን ጋሼ ብላኝ ሄደች። አሁን አንድ የስልክ ኩባንያ ውስጥ ማማ ላይ የሚሰቀሉ አንቴናዎችን ትከታተላለች አሉ። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ አሁንም ጋሼ ነው የምትለኝ።

አንድ ቀን ዶክተሩ አዲስ ተማሪ ይዘው ገቡ። አናላይዘሩን እያሳዩት፣ «ሲበራ ሁልጊዜ ፈትሽ» አሉት። «ካንተ በፊት አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረች። በግዴለሽነት ሦስት ሳምንት አበላሸች።» እኔ አጠገባቸው ቆሜ ኬብል እጠቀልላለሁ። ግዴለሽ! ያቺን ልጅ! ደሜ ፈላ። የፈላው በእሳቸው ላይ አልነበረም።

ተማሪው እስኪወጣ ጠበቅሁና በሩን ዘጋሁት። «ዶክተር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «በየቀኑ እኔ ነበርኩ። ሴቭ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም ነበር። ፈቃዴ እንዳይቀር ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ዶክተሩ ፊታቸውን ከእኔ መለሱ። ቱቦውን ነበር የሚያዩት።

«ለስኮላርሺፑ የድጋፍ ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ጎበዝ ናት፣ ነገር ግን መሣሪያ ላይ ጥንቃቄ ይጎድላታል ብዬ ጻፍኩ። እውነት መስሎኝ። አንተ ያን ዕለት ብትነግረኝ ኖሮ ያቺን መስመር አልጽፍም ነበር።»

«ደብዳቤዬን ባይፈርሙልኝስ ብዬ ነው፣ ዶክተር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረም ፊታቸው ላይ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«የአንተን ደብዳቤ የፈረምኩት እሁድ ነው» አሉ። «ከዲፌንሷ አራት ቀን በፊት። መጥተህ ስላልወሰድከው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው የከረመው።»

የጸሐፊዋ ቢሮ ከላቦራቶሪው ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው።